የቆሽት ካንሰር ከየት ይነሳል? ወደ ጽንስ ጠባያቸው ስለሚመለሱ ሴሎች

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቆሽት ነው። ስንበሳጭ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን እንጂ ቆሽት የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። የሚገኘው ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ነው። ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ በአብዛኛው 100 ግራም አይሞላም። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን አምርቶ በቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ መላክ ነው። ሁለተኛው፣ ኢንሱሊንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን በቀጥታ ወደ ደም ማስገባት ነው። ሆርሞን የሚሠሩትን ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1869 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ የገለጻቸው ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ነበር። እነርሱ ከቆሽት 1 ወይም 2 ከመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኛው የቆሽት አካል ኢንዛይም የሚያመርት ክፍል ነው፤ የዛሬው ጉዳያችንም በዋናነት እዚያ ነው።

በዚህ ትንሽ አካል ላይ የሚነሳው ካንሰር እጅግ ገዳይ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት ከ510 ሺህ በላይ ሰዎች የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ 467 ሺህ ያህል ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአንድ ዓመት የታመመውና የሞተው ቁጥር ይህን ያህል የሚቀራረብባቸው ካንሰሮች ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሆኖ የከተማውን የካንሰር ሕሙማን የሚመዘግብ ክፍል አለ። በመዝገቡ ጎልተው የሚታዩት በሴቶች የጡትና የማኅፀን በር፣ በወንዶች የትልቁ አንጀት ካንሰር ናቸው፤ የቆሽት ካንሰር ከእነዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚይዘው ተመርምሮ የታወቀውን ነው። ቆሽት በሆድ ውስጥ እጅግ ጥልቅ ቦታ ላይ ስላለ ዕጢው በእጅ ዳሰሳ አይገኝም፤ ሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ ይጠይቃል። እዚያ ሳይደርስ በቤቱ የሚሞት ሰው በመዝገቡ አይታይም። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለን ጉዳዩን ልንተወው አይገባም።

ዛሬ የማስረዳው ሐሳብ አንድ ነው። የቆሽት ካንሰር መነሻ በአብዛኛው ቆሽት ከጉዳት ራሱን የሚጠግንበት ሥርዓት ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ሥራውን ለይቶ የሚሠራ ሴል ጉዳት ሲደርስበት በማኅፀን ሳለ የነበረውን ጠባይ መልሶ ይይዛል። ጉዳቱ ሲያልፍ ወደ ሥራው ከተመለሰ ጤና ነው። ጉዳቱ ከተደጋገመና በመካከሉ ሴሉ አንድ የተወሰነ የዘረመል ለውጥ ከያዘ ግን መመለሻው ይዘጋበታል። ይህን ከተረዳን በሽታውን ለመከላከል የቱ ላይ ማተኮር እንዳለብን እናውቃለን፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ልንሠራው የምንችለውም ነገር ግልጽ ይሆናል።

ከመነሻው እንጀምር። ጽንስ በማኅፀን ወደ አምስተኛ ሳምንቱ ሲገባ፣ ወደፊት አንጀት ከሚሆነው ቱቦ ግድግዳ ላይ ሁለት ጥቃቅን እንቡጦች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ በሆድ በኩል፣ ሌላው በጀርባ በኩል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተዋህደው አንድ ቆሽት ይሆናሉ። በእነዚህ እንቡጦች ውስጥ ያሉት ሴሎች ገና ሥራ አልተለየላቸውም። ኢንዛይም አያመርቱም፣ ኢንሱሊንም አይሠሩም። ተግባራቸው መባዛትና ከዚያም ኢንዛይም አምራቹን፣ የቱቦውን ግድግዳና ሆርሞን ሠሪውን ሴል ሁሉ ማስገኘት ነው። በዚህ ዝግጅት አስገኚ ሴሎች እያልን የምንጠራቸው እነዚህን ነው። ስቴም ሴል የሚባለው ራሱን እየተካ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ አስገኚ ሴል ግን ለተወሰነ ጊዜ ከተባዛ በኋላ ወደ ጎለመሱ ሴሎች ተለውጦ ያበቃል። የሚመሯቸው ዘረመሎችም ይታወቃሉ። ፒዲኤክስ-1 የሚባለው ዘረመል የሌላቸው አይጦች ያለ ቆሽት እንደሚወለዱ እ.ኤ.አ. በ1994 ተረጋገጠ። በ1997 ደግሞ ይኸው ዘረመል ከአባትም ከእናትም በኩል ተበላሽቶ የደረሰው ሕፃን ያለ ቆሽት መወለዱ ተገለጸ። ሶክስ-9 የተባለው ሌላው ዘረመል የአስገኚ ሴሎቹ ክምችት ጊዜው ሳይደርስ እንዳያልቅ ይጠብቃል። አድማጮች፣ ሶክስ-9 የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ስለ ካንሰሩ ስንናገር እንደገና እናገኘዋለን።

የአስገኚ ሴሎች ነገር ለቆሽት ከሌሎች አካላት ይልቅ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቤን ስታንገርና ዳግላስ ሜልተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በሃርቫርድ ያደረጉት ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በአይጥ ጽንስ ውስጥ የቆሽትን አስገኚ ሴሎች ገና በጠዋቱ ሲቀንሷቸው የተወለደው አይጥ ቆሽት በዚያው ልክ ትንሽ ሆኖ ቀረ። በጉበት ላይ ተመሳሳይ ቅነሳ ሲደረግ ግን ጉበቱ የጎደለውን ሞልቶ ትክክለኛ መጠኑን ያዘ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ የሜልተን ቤተ ሙከራ ሌላ ውጤት አውጥቶ ነበር፤ በአዋቂ አይጥ ቆሽት ውስጥ አዳዲስ ኢንሱሊን ሠሪ ሴሎች የሚገኙት በአብዛኛው ነባሮቹ ራሳቸው ሲከፈሉ እንጂ ከተደበቀ የስቴም ሴል ክምችት አይደለም። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ስናያቸው የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ አዋቂ ቆሽት ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ሰፊ የአስገኚ ሴል ክምችት የለውም። ሲጎዳ የሚጠግነው በሥራ ላይ ባሉት በእነዚያው ሴሎች ነው።

ጥገናው እንዴት እንደሚካሄድ በማይክሮስኮፕ ቀረብ ብለን እንመልከት። ኢንዛይም አምራቾቹ ሴሎች በጣም ጠባብ በሆነ ክፍተት ዙሪያ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሴል ከውጭ በኩል ሰፊ፣ ወደ ክፍተቱ ሲጠጋ ጠባብ ነው። በጠባቡ ጫፍ ላይ ኢንዛይም የታጨቀባቸው ደቃቅ ፍሬዎች ተሰብስበው ይታያሉ። ተመራማሪዎች ቆሽትን ለማስቆጣት ሴሩሊን የተባለ መድኃኒት ለአይጥ ይወጋሉ፤ መድኃኒቱ ሴሎቹን ከአቅማቸው በላይ ኢንዛይም እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል። በቀናት ውስጥ ፍሬዎቹ ይጠፋሉ፣ ረጃጅሞቹ ሴሎች ጠፍጣፋ ይሆናሉ፣ ጠባቡ ክፍተት ይሰፋል። አሁን የሚታየው ነገር ኢንዛይም አምራች አይመስልም፤ ቱቦ ይመስላል። በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ ሶክስ-9ን ጨምሮ በጽንስ ዘመን ሲሠሩ የነበሩ ዘረመሎች እንደገና ይነቃሉ። ጉዳቱ ካልተደገመ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። በአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ የቶርኖ ማሽን ላይ የሚሠራ ባለሙያ ጣሪያው ሲያፈስ ማሽኑን አጥፍቶ ጣሪያውን ቢያግዝና ሲያበቃ ወደ ማሽኑ ቢመለስ ፋብሪካው ይተርፋል፤ ጥገናው ማለቂያ ካጣ ግን መለዋወጫ የሚያወጣ ሰው አይኖርም። ለቆሽት ይህ ወደ ጽንስ ጠባይ መመለስ ሌላም ጥቅም አለው። የተጎዳ ሴል ኢንዛይም ማምረቱን ካላቆመ ኢንዛይሙ ቆሽቱን ራሱን ይፈጨዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ በመሠረቱ አካል ራሱን የሚያድንበት ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ካንሰሩ እንምጣ። ከቆሽት ካንሰሮች ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው የቱቦ መልክ ያለው ካንሰር ነው። ከዚህ ዓይነቱ ደግሞ ከ90 ከመቶ በላይ በሚሆነው ኬራስ የተባለ ዘረመል ተለውጦ ይገኛል። ኬራስ ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ የሚያዘውን መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ያሠራል፤ ሲለወጥ ትእዛዙ ያለማቋረጥ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሱኒል ሂንጎራኒና ዴቪድ ቱቬሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን የተለወጠ ኬራስ በአይጥ ጽንስ የቆሽት አስገኚ ሴሎች ውስጥ እንዲሠራ አደረጉ። አይጦቹ ሲያድጉ በቆሽታቸው ቱቦዎች ላይ የካንሰር ቀዳሚ የሆኑ ቁስለቶች ወጡ፤ ጥቂቶቹም ወደ ካንሰር ተሸጋገሩ። በ2007 ደግሞ በማድሪድ የማሪያኖ ባርባሲድ ቡድን የተለወጠ ኬራስ በአዋቂ አይጦች ኢንዛይም አምራች ሴሎች ውስጥ አስነሳ። ምንም አልሆኑም። ቆሽታቸው በሴሩሊን ለረጅም ጊዜ እንዲቆጣ ሲደረግ ግን ቀዳሚ ቁስለቶቹም ካንሰሩም መጡ። ዘረመሉ ያው ነው፤ ሴሎቹ የነበሩበት ሁኔታ ግን የተለያየ ነው። በአስገኚው ሴል ላይ ለውጡ ቶሎ ሥር ይሰዳል፤ የጎለመሰው ሴል ይቋቋመዋል፤ የጎለመሰው ሴል በጉዳት ምክንያት ወደ አስገኚነት ጠባይ ሲመለስ ደግሞ መቋቋሙን ያጣል። ሦስተኛው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ከማይከ ሳንደር ቤተ ሙከራ ወጣ። ከኢንዛይም አምራቾቹ ሴሎች ውስጥ ሶክስ-9ን ሲያስወግዱት የተለወጠው ኬራስ ቢኖርም ቀዳሚ ቁስለቶቹ ሊፈጠሩ አልቻሉም። በጽንስ ዘመን የአስገኚ ሴሎችን ክምችት የሚጠብቀው ያው ዘረመል ካንሰሩ እንዲጀምርም የግድ አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የአይጥ ነገር ነው፣ ሰው ላይስ ምን ማስረጃ አለ የሚል አድማጭ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ከሰው የተገኘው ጠንካራ ማስረጃ በዘር ከሚተላለፍ የቆሽት መቆጣት የሚመጣው ነው። ፒአርኤስኤስ-1 የሚባለው ዘረመል የሚያሠራው ትሪፕሲን የተባለውን ኢንዛይም ነው። ይህ ዘረመል በተለወጠባቸው ቤተሰቦች ትሪፕሲኑ ገና ቆሽት ውስጥ ሳለ ሥራ ይጀምርና ሰዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆሽታቸው በተደጋጋሚ ይቆጣል። የችግሩ ምንጭ ይህ ዘረመል መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1996 ታወቀ። ፒአርኤስኤስ-1 በራሱ የካንሰር ዘረመል አይደለም፤ የሚያደርገው ቆሽትን ማስቆጣት ብቻ ነው። ሆኖም በ1997 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከእነዚህ ሰዎች 40 ከመቶ ያህሉ 70 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የቆሽት ካንሰር እንደሚይዛቸው ገመተ። በሌላ ምክንያት ሥር የሰደደ የቆሽት መቆጣት ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለው የ1993 ጥናት ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 ሰዎች 2 ገደማ፣ በ20 ዓመት ውስጥ 4 ገደማ ካንሰር እንደያዛቸው አገኘ። በ2021 የታተመ ሥራም አንድ ነገር ጨመረ፦ የአይጥ ቆሽት ከቁጣው ሙሉ በሙሉ ያገገመ መስሎ ከታየ በኋላም ሴሎቹ የጉዳቱን ትዝታ ይዘው ይቆያሉ፤ ኬራስ ኋላ ላይ ሲለወጥ ካንሰሩ ይፈጥናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ካንሰር የዘረመል ለውጥ በሽታ ከሆነ ስለ ጉዳትና ስለ ጥገና መናገሩ ለምን አስፈለገ? ወሳኙ ኬራስ ነው ይባላል። ነገር ግን በ2023 የታተመ ጥናት የቆሽት በሽታ ሳይኖርባቸው በሌላ ምክንያት የሞቱና አካላቸውን የለገሱ ሰዎችን ቆሽት መርምሮ፣ በብዙዎቹ ውስጥ የተለወጠ ኬራስ የያዙ ጥቃቅን ቀዳሚ ቁስለቶች አግኝቷል። የቆሽት ካንሰር የሚይዘው ግን ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቱን ነው። ለውጡ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ በሽታው ከዚህ እጅግ በበዛ ነበር። ስለዚህ የዘረመሉ ለውጥ አስፈላጊ ነው፤ ሴሉን ለለውጡ የሚያጋልጠው ደግሞ የተደጋገመ ጉዳት ነው። ቆሽታቸው ከተቆጣባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም የሚለውም ትክክል ነው፤ አሁን የጠቀስነው 4 ከመቶ ራሱ 96ቱ ማምለጣቸውን ይናገራል። ይህ ለሕሙማኑ የሚያጽናና ቁጥር ነው፤ ግንኙነቱን ግን አያፈርሰውም። ከሚያጨሱ ሰዎችም አብዛኞቹ የሳንባ ካንሰር አይዛቸውም፤ ሲጃራ የሳንባ ካንሰር ዋና መንስኤ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚመጣ ነው። ካንሰሩ የቱቦ መልክ አለው፤ ታዲያ ለምን ከቱቦ ሴሎች አይነሳም ይላሉ። ሊነሳ ይችላል። ከኬራስ ጋር ፒ-53 የተባለው የሴል ጠባቂ ዘረመል አብሮ ሲበላሽ ከቱቦ ሴሎችም ካንሰር እንደሚወጣ በ2016 የታተመ የአይጥ ሙከራ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን፣ ዲሲኤልኬ-1 የሚባል ምልክት የያዙ ጥቂት ሴሎች በአዋቂ አይጥ ቆሽት ውስጥ በእርጋታ እንደሚኖሩ፣ ጉዳት ሲደርስ ለጥገናው እንደሚነሱና ካንሰርም ከእነርሱ ሊነሳ እንደሚችል ገለጸ። ስለዚህ በአዋቂ ቆሽት ውስጥ ፈጽሞ አስገኚ ሴል የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም እነዚህ ሁሉ መንገዶች ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። መነሻው ኢንዛይም አምራች ሴልም ይሁን የቱቦ ሴል ወይም በእርጋታ የተቀመጠ አስገኚ ሴል፣ የሚያነሳሳው ጉዳት ነው፤ የሚይዘው ጠባይም የአስገኚ ሴል ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ በዕጢው ውስጥም ይቀጥላል። በ2007 የሚሺጋን ተመራማሪዎች ከቆሽት ዕጢ ሴሎች 1 ከመቶ እንኳ የማይሞሉትን ለይተው ወደ አይጥ ሲያስገቡ መቶ ያህሉ ብቻ አዲስ ዕጢ መፍጠር ቻሉ። ሕክምና የዕጢውን አብዛኛ ክፍል አጥፍቶ ጥቂቶቹን ካስቀረ በሽታው የሚመለሰው ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በሰባት ሕሙማን ዕጢ ውስጥ የተጠራቀመውን የዘረመል ለውጥ ቆጥረው፣ ከመጀመሪያው ለውጥ እስከ ካንሰሩ ሴል መፈጠር 10 ዓመት ያህል፣ ከዚያም ወደ ሌላ አካል የመሰራጨት አቅም እስኪያገኝ ቢያንስ 5 ዓመት እንደሚያልፍ ገመቱ። ይህ እውነት ከሆነ ለመከላከል ሰፊ ጊዜ አለን። በ2016 ግን የካናዳ ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ ዕጢዎችን መርምረው፣ በብዙዎቹ ውስጥ በርካታ ለውጦች በአንድ ጊዜ እንደሚደርሱና በሽታው በድንገት ሊዘል እንደሚችል አሳዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፤ ቅድመ ካንሰሩ ዓመታት ሊቆይ፣ ዝላዩ ግን ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ካንሰሩ ከተነሳ በኋላ ቀድመን እንይዘዋለን ብለን መመካት እንደሌለብን ነው። ለዚህም ይመስላል የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2019 ምልክት የሌላቸውን ጤነኛ ሰዎች ሁሉ ለቆሽት ካንሰር መመርመርን ያልመከረው። የሚያስተማምነው የጉዳቱን መደጋገም ቀድሞ ማስቆም ነው።

በምንኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ሌላ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ወንዛችንስ? ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በዚህ ውሃ በሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ ከባድ ብረቶች እንዳሉ የአገራችን ተመራማሪዎች ደጋግመው ለክተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ካድሚየም ካንሰር አምጪ መሆኑን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አረጋግጧል፤ ማስረጃው ጠንካራ የሆነው ግን ለሳንባ ካንሰር ነው። ከቆሽት ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡበትም። ስለዚህ የወንዙ መጽዳት ለኩላሊት፣ ለልጆች አእምሮ እድገትና ለጠቅላላ ጤና ሲባል የሚገባን መብት ነው፤ የቆሽት ካንሰርን ሁሉ በወንዙ ላይ መጫን ግን ዓይናችንን ከተረጋገጡት መንስኤዎች ያነሳል። የተረጋገጡት ሲጃራ፣ ሥር የሰደደ የቆሽት መቆጣት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የቆየ የስኳር በሽታና የቤተሰብ ዘር ናቸው። ቆሽትን በድንገት ከሚያስቆጡት ሁለቱ ዋነኞቹ ደግሞ የሐሞት ጠጠርና ብዙ መጠጥ ናቸው፤ አረቄም ሆነ ጠጅ ወይም ቢራ ለቆሽት ልዩነቱ የመጠኑ ነው።

ከዚህ ተነስተን ወደ ተግባር እንግባ። በላይኛው ሆድ ላይ የሚነሳ፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ከትውከት ጋር የሚመጣ ከባድ ሕመም ሲያጋጥም ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ገዝቶ ይቀመጣል። ይህ ሕመም የቆሽት ቁጣ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መታየት አለበት። መንስኤው የሐሞት ጠጠር ከሆነ የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት ቁጣው እንዳይደገም ያደርጋል። መንስኤው መጠጥ ከሆነ መተው ነው፤ ከመጠጡ ጋር ሲጃራውንም መተው ግድ ነው፤ ሲጃራ በራሱ የቆሽትን ጉዳት ያባብሳልና። አገራችን በዚህ ረገድ ጥሩ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሰው በሚሰበሰብባቸው የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ሕጉ በየመጠጥ ቤቱና በየፋብሪካው የሻይ ክበብ እንዲከበር መጠየቅ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።

ካንሰሩ ከተነሳም የሚያሳያቸው ምልክቶች አሉ። ዕጢው በቆሽት ራስ ላይ ሲሆን የሐሞት ቱቦውን ይዘጋና ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። ይህ ሁሉ ያለ ሕመም ሊመጣ ይችላል። በአካባቢያችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ» ይዞታል ተብሎ በቅጠልና በሥር ሲታከም ሳምንታት ያልፋሉ። የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ግን ያለ ሕመም የመጣ ቢጫነት በአልትራሳውንድ ሳይታይ ሊታለፍ አይገባም። ሌላው ምልክት በድንገት የመጣ የስኳር በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የስኳር በሽታ ከያዛቸው 100 ሰዎች ወደ 1 የሚጠጋው በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር እንደተገኘበት አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን የኢትዮጵያን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። የጎንደር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ የገጠር ሕሙማን ድሆችና ከሲታ ወጣቶች መሆናቸውን ገልጸው ችግሩ ከምግብ እጥረት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጽፈዋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከሲታ የስኳር ሕመምተኛ ማየት ብቻውን ካንሰርን አያመለክትም። ዕድሜው ከ50 የዘለለ፣ ስኳሩ አዲስ የሆነ፣ ክብደቱም ያለምክንያት እየቀነሰ ያለ ሰው ግን ከስኳር መድኃኒቱ በተጨማሪ የሆድ ምርመራ ይገባዋል። ጉዞው ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ተነስቶ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ሲሆንም በሪፈር ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሊወስድ ይችላል። ፍጥነቱ ዋጋ አለው፤ በበለጸጉት አገሮች እንኳ በቀዶ ጥገና ሊወጣ በሚችልበት ደረጃ የሚገኘው ከአምስት ሕሙማን የአንዱ ያህል ዕጢ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ሕክምናው ውስን በሆነበት አገር ስለ ጽንስ ሴሎች ማውራት ቅንጦት አይደለም? እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። በሽታውን ለማዳን ውድ መሣሪያና ውድ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አጀማመሩን ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አቅም ላጠረው ነው። የቆሽት ሴል ወደ ጽንስ ጠባዩ የሚመለሰው ስለተጎዳ ነው፤ የተጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልናስቆመው በምንችለው ነገር ነው። ሳይታከም የቀረ የሐሞት ጠጠር፣ በየቀኑ የሚጠጣ አረቄ፣ የማይቋረጥ ሲጃራ፣ በጨጓራ ስም የታለፈ ሕመም ሁሉ ቆሽትን ደጋግመው ለጥገና ያስነሱታል። እያንዳንዱን ማስቆም የሚቻለው በጤና ጣቢያ፣ በቤትና በሥራ ቦታ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ይህን በቤት ለቤት ትምህርታቸው ቢያክሉት ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ከእናንተ መካከል ቆሽቱ አንድ ጊዜ ተቆጥቶ የዳነ ሰው ካለ መንስኤውን ሐኪሙን ይጠይቅ፣ መንስኤውም እንዲወገድለት አጥብቆ ይከታተል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ጉዳዩ አልቋል ብሎ አይተወው።